የአባቴ ማይሎማ፦ ክኒኑ ብቻ ይሻላል ወይስ ሦስቱ አንድ ላይ? (አዳማ ያላችሁ እርዱኝ)

የወንጂ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ አሁን አዳማ እኔ ጋ የሚኖር ሰው ነው። ወገቡን ማመም ከጀመረው ቆይቷል። ማናችንም ግን አልደነገጥንም። የወንጂን ሰው የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ በዚያ የጉድጓድ ውሃ የኖረ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ አጥንቱ ይደርቅና ጎንበስ ማለት ያቅተዋል። ፍሎራይድ ነው። ሆላንዶች ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ከከፈቱት ጀምሮ ስንቱ ሠራተኛ ወገቡን ይዞ ጡረታ ወጥቷል። አባቴ "የውሃው ነው" አለ፣ እኛም አሜን ብለን ተቀመጥን።

በዚህ መሀል አንድ ክሊኒክ (ስሙን ተዉት) ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሲወጋው ከረመ። መርፌው ሲያልቅ ክኒኑን ይሰጡታል፣ ክኒኑ ሲያልቅ መርፌውን። አንድም ቀን ደም አልመረመሩትም። ፊቱ ገርጥቶ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ሌላ ቦታ ወሰድነው። ሄሞግሎቢን 7.8፣ ደሙ አንሷል ማለት ነው፤ ክሬቲኒን 2.4፣ ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተላክን፣ ከዳሌው መቅኔ ተወሰደ፣ መልቲፕል ማይሎማ፣ የመቅኔ ካንሰር ነው ተባለ።

አሁን ጥያቄዬ። ሐኪሟ ሁለት መንገድ ነገረችን። አንደኛው ሜልፋላንና ፕሬድኒሶሎን፣ ሁለቱም ክኒን፣ እዚሁ አዳማ ቤቱ ሆኖ ይውጣል። ሁለተኛው ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ ነው፦ ቦርቴዞሚብ የሚባል በሳምንት አንዴ ሆድ ላይ የሚወጋ፣ ሳይክሎፎስፋሚድና ዴክሳሜታዞን። እሷ ሁለተኛውን ትመክራለች። ግን መርፌው አዲስ አበባ ነው፣ ዋጋውም የዋዛ አይደለም።

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። ታላቅ ወንድሜ "ሽማግሌ ላይ ሦስት መርዝ ከመጫን ክኒኑን እየዋጠ በሰላም ይኑር" ይላል። እህቴ መሬቱ ይሸጥ ባይ ናት። እኔ መሀል ላይ ነኝ። የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

ጠርጣራው

ወንድሜ መጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርልህ።

ሐኪም አይደለሁም፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ እወዳለሁ። ወንድምህ የሚለው ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። 27 ጥናቶችን፣ 6,633 ታማሚዎችን አንድ ላይ አድርጎ ነው ያየው። ጥያቄው ያንተው ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል፦ ሜልፋላንና ፕሬድኒሶን (ያው የፕሬድኒሶሎን ዘመድ ነው) ብቻ ወይስ የብዙ ኬሞ ድብልቅ? ድብልቁን ከወሰዱት 60 በመቶው ለመድኃኒቱ ምላሽ ሰጡ፣ ክኒኑን ብቻ ከወሰዱት 53 በመቶ ገደማ። ጥሩ። ዕድሜ ላይ ግን? ምንም ልዩነት የለም። ሁለቱም እኩል ኖሩ።

ታዲያ ምንድን ነው የምንገዛው? ላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚያምር ቁጥር? ብዙ መድኃኒት ማለት ጥሩ ሕክምና ማለት አይደለም። መሬት ከመሸጣችሁ በፊት አስቡበት።

የፋርማሲ ሰው

ጠርጣራው ያነበብከው ትክክል ነው። ጥናቱም አለ፣ ቁጥሩም አልተዛባም። ግን እዚያ ውስጥ የተደባለቀው ምን እንደነበር ሳታይ ነው የፈረድከው። ቪንክሪስቲን፣ ካርሙስቲን፣ ሳይክሎፎስፋሚድ፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ሜልፋላን። አብዛኞቹ የሴሉን ዲኤንኤ የሚያበላሹ፣ የአንድ ዘመን መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ ያቃተውን ሌላውም ብዙ አይጨምርበትም። ጉዳቱ ግን ይደመራል።

ቦርቴዞሚብ ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፣ ማለትም አንተ ከጠቀስከው ጥናት 5 ዓመት በኋላ። ሥራውም የተለየ ነው። ማይሎማ የሚነሳው ፕላዝማ ሴል ከሚባለው ነው፣ ሥራው ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ነው፣ ቀን ከሌሊት ፕሮቲን ያመርታል። የተበላሸውን ፕሮቲን የሚያስወግድለት ፕሮቲያዞም የሚባል ክፍል አለው። ቦርቴዞሚብ እሱን ይዘጋዋል። የወንጂ ልጅ ይገባዋል፦ ፋብሪካው ባጋሱ (የተጨመቀው ሸንኮራ ገለባ) ሳይወጣለት ሸንኮራ መፍጨቱን ቢቀጥል ምን ይሆናል? ሴሉም በራሱ ቆሻሻ ታፍኖ ይሞታል።

ይህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን ቁጥር ልስጥህ፣ አንተም የምትወደው ቁጥር ነው። ቪስታ የሚባል ጥናት፣ 682 ታማሚዎች፣ የመቅኔ ንቅለ ተከላ የማይቻላቸው፣ አብዛኞቹ እንደ አባታችን በዕድሜ የገፉ። ግማሾቹ ሜልፋላንና ፕሬድኒሶን ብቻ፣ ግማሾቹ በዚያው ላይ ቦርቴዞሚብ ተጨመረላቸው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዓመታት ክትትል በኋላ የኖሩበት ጊዜ መካከለኛ ቁጥር ቦርቴዞሚብ ለተጨመረላቸው 56.4 ወር፣ ላልተጨመረላቸው 43.1 ወር ሆነ።

በነገራችን ላይ ሜልፋላንን የናቅኩት እንዳይመስላችሁ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ እ.ኤ.አ. ስንቱን ሰው አሰንብቷል። ሌላ ምንም በማይገኝበት ቦታ አሁንም ያለ እሱ አይሆንም።

ጠርጣራው

እሺ፣ 56 ከ43። ስለዚህ 13 ወር ነው የምንገዛው። ለ13 ወር የቤተሰብ መሬት ይሸጣል ወይ? ጨካኝ አትበሉኝ፣ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት የሚጠይቅ ስለሌለ ነው።

የፍራንኮዋ እናት

እኔ በሽተኛዋ ልመልስልህ ልጄ። 64 ዓመቴ ነው፣ እዚሁ አዳማ ፍራንኮ ነው ቤቴ፣ ይሄንኑ ሦስቱን እየወሰድኩ ነው።

13 ወር ስትል በጣትህ ቆጥረህ ነው። እኔ ስጀምር ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት በሰው ነበር የምሄደው። ሳስነጥስ የጎን አጥንቴ ተሰበረ፣ አስነጥሼ ብቻ! አሁን ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ተከራክሬ ገዝቼ እመለሳለሁ። ወር ብቻ አይደለም የሚገዛው።

መሬት ይሸጥ አይሸጥ እኔ አላውቅም፣ የሰው ቤት ነው። የኔ ልጆች አዋጥተው ነው።

ሲስተር ነኝ

ማዘር ጤናዎትን ያብዛልዎ። እኔ ኬሞ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጽፍም።

ጠርጣራው ከ13 ወሩ በፊት ሌላ የዘለልከው ነገር አለ። ክሬቲኒን 2.4። ማይሎማ የሚያፈሰው ፕሮቲን የኩላሊቱን ቱቦ ይደፍነዋል። እላዩ ላይ ያ ሁሉ ዲክሎፌናክ ተጨምሯል። ኩላሊቱን ለማትረፍ ያ ፕሮቲን ቶሎ መውረድ አለበት፣ ሜልፋላንና ፕሬድኒሶን ደግሞ ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። ሜልፋላን ኩላሊት ሲደክም መጠኑ መቀነስ አለበት፣ ቦርቴዞሚብ ግን ለኩላሊት ተብሎ አይቀነስም። ሐኪሟ ለምን ሁለተኛውን እንደመከረች ለኔ ግልጽ ነው። ኩላሊቱ ጨርሶ ካቆመ ዲያሊሲስ (ደሙን በማሽን ማጣራት) ነው፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ። የዚያን ሒሳብ ከመርፌው ሒሳብ ጎን አስቀምጡት፣ ከዚያ በኋላ ተከራከሩ።

አሁኑኑ ደግሞ፦ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ የዚያ ዘር የሆነ ሁሉ ከቤት ይውጣ። ሕመሙ ሲበረታ ፓራሲታሞል፣ እሱ ካልቻለ ትራማዶል ወይም ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ። ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ የልብ ችግር ከሌለበትና ሐኪሟ ካልከለከለች በቀን እስከ 3 ሊትር።

ስለ ፍሎራይዱም ልበል፣ ብዙ የወንጂና የመተሐራ ሰው ስለሚያነበው። ራጅ ላይ ሁለቱ አይመሳሰሉም። ፍሎራይድ አጥንቱን ያደድረዋል፣ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ማይሎማ ይቦረቡረዋል፣ የራስ ቅል ራጅ ላይ ክብ ክብ ጥቋቁር ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ደም ማነስ ካለበት ወይም ኩላሊቱ ከደከመ "የውሃው ነው" ብሎ ማለፍ አይገባም። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላል።

የወንጂ ልጅ

ሲስተር አመሰግናለሁ። የራስ ቅሉን ራጅ እኔም አይቼዋለሁ፣ ልክ እንዳልሽው ነው። የኩላሊቱን ነገር ለወንድሜ አነበብኩለት፣ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ጥሩ ምልክት ነው።

የፋርማሲው ሰው፣ ሌላ መንገድ አለ ወይ? መርፌ የሌለው ግን ከሁለቱ ክኒን የተሻለ?

የፋርማሲ ሰው

አለ። ሜልፋላን፣ ፕሬድኒሶን፣ ታሊዶማይድ። ሦስቱም የሚዋጥ ነው። ፈረንሳዮች ከ65 እስከ 75 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል፣ የኖሩበት ጊዜ ታሊዶማይድ ለተጨመረላቸው 51.6 ወር፣ ሁለቱን ክኒን ብቻ ለወሰዱት 33.2 ወር ነበር። መርፌ ማግኘት ለማይችል ሰው በጣም ደህና አማራጭ ነው፣ ከህንድ የሚመጣ ጄነሪክም አለው።

ግን ታሊዶማይድ ቀልድ አይወድም። እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርመን ውስጥ ለእንቅልፍ ተብሎ ነበር ገበያ የወጣው፣ እርጉዞችም ለማቅለሽለሽ ዋጡት፣ እጅና እግር የሌላቸው ልጆች ተወለዱ፣ በ1961 ተሰበሰበ። ለማይሎማ እንደሚሠራ የታወቀው በ1999 ነው። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ክኒኑን መንካት የለባትም። ሌላው ችግሩ ደም መርጋት ነው፣ ስለዚህ አስፒሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ አብሮ ይታዘዛል። ሆድ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ሲቆይ እግር ያደነዝዛል።

ሜልፋላን ራሱም የአዳማን አየር አይወድም። ክኒኑ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። መብራት ሲሄድ ፍሪጁን እየከፈታችሁ አትዩት፣ ዝጉትና ተዉት። ደግሞ በባዶ ሆድ ነው የሚዋጠው፣ ምግብ ይከለክለዋል። ፕሬድኒሶሎኑ ግን ከምግብ በኋላ። በአንድ ላይ ጨብጦ የሚውጥ ሰው አይቻለሁ፣ ከሁለት አንዱን እያባከነ ነው።

የሚገርማችሁ ያ ውድ መርፌ ያልተከፈተ ከሆነ ፍሪጅ አይፈልግም። ከብርሃን ብቻ ጠብቁት። ኃይለኛ ሙቀት ውስጥ ግን አይቀመጥ፣ ቀትር ላይ መኪና ውስጥ ትቶ ምሳ መብላት የለም።

የወንጂ ልጅ

ታሊዶማይዱ ቀረ ማለት ነው። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስድስተኛ ወሯ። መድኃኒቱን የምትሰጠው ደግሞ እሷ ናት።

ሲስተር ነኝ

እንኳን ተናገርክ። ሳይክሎፎስፋሚዱንም ሆነ ሜልፋላኑን በባዶ እጇ አትንካ። አንተ ስጠው፣ ወይም ራሱ ከብልቃጡ ወደ ክዳኑ ገልብጦ ይዋጠው። ኬሞ በወሰደ በሁለት ቀን ውስጥ ሽንቱ፣ ትውከቱ፣ የቆሸሸ አንሶላው በጓንት ነው የሚያዘው፣ እሱንም ሌላ ሰው ይሥራው። መጸዳጃ ቤቱን ክዳኑን ዘግቶ ሁለት ጊዜ ውሃ መልቀቅ። አትፍሩ፣ አጠገቡ መቀመጥና አብሮ መብላት ምንም የለውም።

ዲሲ ያለሁ

እዚህ ማይሎማ ላይ ስቴም ሴል ትራንስፕላንት (የመቅኔ ንቅለ ተከላ) ይሠራሉ። ለምን ህንድ አትወስዱትም?

የፋርማሲ ሰው

ወንድም፣ 71 ዓመት፣ ክሬቲኒን 2.4፣ ሄሞግሎቢን 7.8። መጀመሪያ አውሮፕላን ላይ የሚያስወጣ አቅም ያግኝ። ትራንስፕላንቱ ራሱ ዋናው መድኃኒቱ በጣም ከፍ ያለ ሜልፋላን ነው፣ ቀድሞ የተሰበሰበው የራሱ ስቴም ሴል የሚመለስለት መቅኔው እንዲያገግም ነው። ለወጣትና ለጠንካራ ሰው ጥሩ ነው። በሽታውን ግን ነቅሎ አያጠፋም።

እህቷ ነኝ

በሰው ክር ላይ ስለገባሁ ይቅርታ። የኔ እህት 46 ዓመቷ ነው፣ ማይሎማ ነው ተብላ ሜልፋላን ልትጀምር ነው። የፋርማሲ ሰው ያልከውን ሳነብ ደነገጥኩ። ወጣት አይደለች እንዴ?

የፋርማሲ ሰው

ገና ካልጀመረች ዛሬውኑ ሐኪሟን ጠይቂ። ሜልፋላን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በኋላ ስቴም ሴል መሰብሰብ ይቸግረዋል፣ መቅኔውን ይጎዳዋል። ስለዚህ ወደፊት ትራንስፕላንት ሊታሰብላት የሚችል ሰው በሌላ ነው የሚጀመረው፣ ለምሳሌ ቦርቴዞሚብ ያለበት ድብልቅ። ቦርቴዞሚብ፣ ሌናሊዶማይድና ዴክሳሜታዞን አንድ ላይ የሚሰጥበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ያለ ቦርቴዞሚብ ከሚሰጠው ከሁለቱ ጋር አወዳድሮት በኖሩበት ጊዜ 75 ወር ከ64 ወር አግኝቷል። ምናልባት ሐኪሟ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፣ መድኃኒቱ ስላልተገኘ ወይም ሌላ። ግን "ትራንስፕላንት ለወደፊቱ አስበህላታል ወይ?" ብለሽ ጠይቂው። ለብቻሽ ክር ብትከፍቺ የበለጠ ሰው ያይልሻል።

አወያይ

እዚህ ጋ የነበረ "ነቀርሳን ከሥሩ የሚነቅል ዱቄት" ማስታወቂያ አንስቻለሁ፣ ለጣፊውንም አግጃለሁ። ሕመምተኛ ያለበት ክር ላይ ገበያ አይወጣም።

የፍራንኮዋ እናት

ደግ አደረግህ። እኔ ግን ጸበሉን እጠጣለሁ፣ ሲስተር አትቆጪኝ።

ሲስተር ነኝ

ኧረ ማዘር ማን ይቆጣዎታል። ጸበልዎን ይጠጡ፣ መድኃኒቱን አያቋርጡ፣ እኔ የምለምነው ይህን ብቻ ነው። የምሠራበት ቦታ መድኃኒት አቁመው ጸበል ገብተው፣ ሲመለሱ ኩላሊታቸው ያለቀ ሰዎች ይመጣሉ። አባ ራሳቸው "መድኃኒቱንም የሰጠው እሱ ነው" የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ጠይቁ።

የሚፈላና የሚቀጠቀጥ ነገር ግን ሁሉንም ለሐኪም ንገሩ። አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለ ነገር ቦርቴዞሚብን ይዞ ሥራ እንደሚያስፈታው በላቦራቶሪ ታይቷል፣ ስለዚህ የአረንጓዴ ሻይ እንክብል የለም። ከፍ ያለ መጠን ያለው የቫይታሚን ሲ ክኒንም እንዲሁ። ብርቱካን መብላት ግን ችግር የለውም።

የወንጂ ልጅ

ሌላ የማልወደው ነገር አለ። አባቴ ካንሰር መሆኑን አያውቅም። "የደም ማነስና የአጥንት በሽታ ነው" ብለነዋል። እህቴ ብትነግሩት ይሞታል ትላለች። ግን በየሳምንቱ ኬሞ ክፍል ይዘነው ስንሄድ ምን ልንለው ነው?

የፍራንኮዋ እናት

ልጄ፣ ያውቃል። እኔንም ልጆቼ ደብቀውኝ ነበር፣ ሲንሾካሾኩ ስገባ ዝም ይላሉ። ወረፋ ላይ ተቀምጬ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ "አንቺስ የምኑ ካንሰር ነው?" አለችኝ። እንደሱ ከመስማት ከልጅ አፍ መስማት አይሻልም?

ስሰማ አለቀስኩ። ከዚያ ግን እፎይ አልኩ። ቢያንስ ሐኪሙን ራሴ መጠየቅ ጀመርኩ። ሳላውቅ ምን ብዬ ነበር የምጠይቀው?

ጠርጣራው

ማዘር እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። መሬቱም የሱ ነው አይደል? የሚሸጠው የሱ መሬት ከሆነ፣ የሚወጋው የሱ ሆድ ከሆነ፣ ስብሰባው ላይ እሱ የለም ማለት ምን ማለት ነው? ልጆች ለሁለት ተከፈሉ ሲባል ነው የገረመኝ። ምርጫው የአባትዬው ነው።

የወንጂ ልጅ

ጥሩ ተመታሁ። እሁድ እህቴ ስትመጣ እንነግረዋለን።

እስከዚያ፣ ማዘር፣ መርፌው ምን ይመስላል? ምን ብዬ ላዘጋጀው?

የፍራንኮዋ እናት

መርፌው ምንም አይደል። ሆዴ ላይ፣ አንድ ሳምንት በቀኝ አንድ ሳምንት በግራ። ትንሽ ቀልቶ ያሳክካል፣ ይጠፋል። ፀጉሬም ብዙ አልረገፈም፣ ሰው ኬሞ ሲባል መላጣ ነው የሚያስበው። የኔ ጠላት ያቺ ትንሿ ነጭ ክኒን ናት፣ ዴክሳሜታዞን። የዋጥኩ ቀን እንቅልፍ የለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቼ ሽሮ ስነፋ ልጄ አብዳለች ብሎ ነበር። ድስት ሙሉ እበላለሁ። ማንም ሲናገረኝ እቆጣለሁ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጨርቅ ሆኜ እተኛለሁ። ስለዚህ የክኒኗ ቀን አባትህ ቢቆጣ አትከራከሩት፣ እሱ አይደለም።

ሲስተር ነኝ

ማዘር የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። ዴክሳውን ጠዋት፣ ቁርስ በልቶ ይዋጠው፣ ማታ አይሆንም። ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ስኳሩ ይዘላል፣ ማሽን ይኑራችሁ። ብዙ ጊዜ በሳምንት 40 ሚሊግራም ነው፣ ከ75 በላይ ለሆነና ለደከመ ሰው 20። አባትህ 71 ቢሆንም ከከበደው ሐኪሟ ትቀንስለታለች፣ ዝም ብሎ አይቻለው።

መርፌው ላይ የምፈራው ነርቭ ነው። እግሩ ጫፍ ላይ መደንዘዝ፣ መቆጥቆጥ፣ ማቃጠል። ሰዎች "ትንሽ ነው" ብለው ይደብቁናል፣ እንዳይቀነስባቸው። አንድ የማውቃቸው አባት ነጠላ ጫማቸው መንገድ ላይ ወልቆ ሳያውቁ ቤት ደርሰዋል። እዚያ ከመድረሱ በፊት ነው መናገር። መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይራራቃል እንጂ ሁልጊዜ አይቋረጥም። ድሮ በደም ሥር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር፣ አሁን ከቆዳ ሥርና በሳምንት አንዴ ሲሆን ነርቭ ላይ ያለው ጉዳት ቀንሷል።

ከመርፌው ጋር አሲክሎቪር መታዘዙን አረጋግጥ። ቦርቴዞሚብ የሚወስድ ሰው አልማዝ ባለጭራ ቶሎ ያወጣዋል፣ እሱን ነው የሚከላከለው። ርካሽ ነው፣ ግን ይረሳል። ትኩሳት 38 ከደረሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። "ነገ እናያለን" የለም።

ጾም ላይስ እንዴት ነው?

የወንጂ ልጅ

ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት አይቀምስም። ውሃም ጭምር።

ሲስተር ነኝ

ውሃው ነው የሚያሳስበኝ፣ ለዚያ ኩላሊት። የንስሐ አባቱን ቤት ጥሩና አብራችሁ ንገሯቸው፣ ለሕመምተኛ ይፈቅዳሉ። እሱ አንተን አይሰማህም፣ እሳቸውን ይሰማል። የመርፌውን ቀን ደግሞ ማክሰኞ አስደርጉት፣ ዴክሳው ጾም ቀን ላይ እንዳይውል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር። ብልቃጡ 3.5 ሚሊግራም ነው። መጠኑ የሚሰላው በሰውነት ስፋት ነው፣ በካሬ ሜትር 1.3። አባትህ 1.6 ካሬ ሜትር ቢሆን 2.08 ይወስዳል፣ የተረፈው ይደፋል። ተመሳሳይ ኪሎና ቁመት ያላቸው ሦስት ሰዎች በአንድ ቀን ቢመጡ ግን 6.24 ነው፣ ሁለት ብልቃጥ ደግሞ 7። አንድ ብልቃጥ ተረፈ ማለት ነው። ይህ ግን ክፍሉ ተስማምቶ፣ በንጹሕ ቦታ ተቀላቅሎ፣ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። የተከፈተ ብልቃጥ ቤት ይዞ መሄድ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ማስቀመጥ ፈጽሞ የለም። ነርሷን ጠይቁ፣ አንዳንድ ቦታ ያደርጉታል።

የፋርማሲ ሰው

ሲስተር እግርሽን ልሳም፣ ይህን የሚናገር የለም።

እኔም ልጨምር። መሬቱን አንዴ አትሽጡ፣ የአንድ ዙር ብቻ ግዙና ምላሹን እዩ። ጤና መድህን ካላችሁ መጀመሪያ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ጠይቁ፣ ከሌለ "የለም" የሚል ማህተም አስመቱበት፣ ከዚያ ምን እንደሚሸፈን መድህን ክፍሉን ጠይቁ። ከነማና ቀይ መስቀልን ሳታዩ ወደ ሌላ አትሂዱ። በሻንጣ ከሚያመጣ ሰው ያለ ደረሰኝ አትግዙ፣ ርካሽ ነው ቢላችሁም። ብልቃጡ ላይና ካርቶኑ ላይ ያለው ባች ቁጥር አንድ መሆኑን፣ ጊዜው አለማለፉን እዩ።

የወንጂ ልጅ

ዘግይቼ ነው የተመለስኩት፣ ይቅርታ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልጻፈው።

ነገርነው። እህቴ ልትናገር ጀምራ አለቀሰች፣ እኔ ጨረስኩት። "ታዲያ እናንተ ምን ሆናችሁ ነው ይህን ያህል ጊዜ የተንሾካሾካችሁት" አለ። ሁለቱንም መንገድ ዘርዝረን ነገርነው። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የትኛው ነው ቶሎ ጀርባዬን የሚያሳርፈኝ?" ሦስቱን መረጠ። መሬቱ ሙሉ በሙሉ አልተሸጠም፣ ከዳሩ ተቆርሶ ነው። "መርዝ" ሲል የነበረው ወንድሜ ነው አሁን በየማክሰኞው በፍጥነት መንገዱ የሚወስደው፣ ከቱሉ ዲምቱ በኋላ ያለውን መጨናነቅ ሲሳደብ ይውላል።

ክሬቲኒኑ 1.6 ገብቷል። ሄሞግሎቢኑ 9.4። ያለ ትራማዶል ያድራል። ዴክሳው ቀን ላይ ግን ማዘር እንዳሉት ነው፣ ባለፈው ቤቱን በሙሉ ቀለም ካልቀባሁ አለ።

አሁን ግን የግራ እግሩ አውራ ጣት መደንዘዝ ጀምሯል፣ "እንዳትናገር" ብሎኛል።

ሲስተር ነኝ

ተናገር! ማክሰኞ መርፌው ከመወጋቱ በፊት፣ በኋላ አይደለም። ሁለት እግሩንም ዓይኑን ጨፍኖ ነካ ነካ አድርጉለት፣ እስከ የት እንደሚሰማው ጻፉና ለሐኪሟ ስጡ።

ጠርጣራው

1.6 ደስ ይላል። ዙሩ ሲያልቅ የፕሮቲኑንም ቁጥር ጻፍልን፣ እኔ ሙሉውን ሳላይ አልረታም 😀

የፍራንኮዋ እናት

የወንጂ ልጅ፣ እኔም ቀኔን ወደ ማክሰኞ ላዛውር ነው። ኪሎዬ ከአባትህ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ብልቃጡን እናያለን፣ ነርሷን ጠይቄያታለሁ፣ ሦስተኛ ሰው ካገኛችሁ ይቻላል ብላለች። ከ11 ሰዓት በፊት ነው የምወጣው፣ ከመናኸሪያ ሚኒባስ መጋፋት ሰልችቶኛል፣ ወንድምህ መኪና ውስጥ አንድ ቦታ አለው?

የወንጂ ልጅ

አለው ማዘር። ፍራንኮ የት ጋ እንደሚቆም በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። ኪሎው 61 ነው።